ሦስት ቁጥሮችና አንድ ቦቴ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ የቆየ ኮድ ተሰጠኝና "ይህን አጽጂ" ተባልኩ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የጭነት መኪና ድርጅቶች የገቡት ኢንሹራንስ ሕጉ ከሚጠይቀው እንዳያንስ የሚያጣራ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ አናት ላይ ሦስት ቁጥሮች ቁጭ ብለዋል፦ 750,000፣ 1,000,000፣ 5,000,000። ዶላር ናቸው። አጠገባቸው አንዲት ቃል ማብራሪያ የለም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ያለ ማብራሪያ የተቀመጠ ቁጥር ሲያይ ያሳክከዋል። ማን አስቀመጠው? መቼ? ለምን 800,000 አልሆነም? አለቃዬን ጠየቅሁት።

"የመንግሥት ቁጥር ነው። አይቀየርም።"

"መቼም?"

"እኔ እዚህ ሥራ ላይ ከገባሁ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም።"

እሺ ብዬ ተውኩት። ነገሩን መልሶ ያመጣብኝ አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ታሪኩን ብዙ አበሻ ያውቀዋል፦ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፣ ኡበር መጥቶ ታክሲውን ገደለው፣ ሲዲኤል አወጣ፣ ለሰው ነዳ፣ በመጨረሻ በዕዳ የራሱን ትራክ ገዛ። የሚጭነው ደረቅ ጭነት ነው፤ ሶፍት፣ የውሻ ምግብ፣ የታሸገ ውሃ። አንድ ቀን ማታ ደወለልኝ።

"ያገለገለ ቦቴ አግኝቻለሁ። ነዳጅ ልጭን ነው። በማይል የሚከፍሉት ሌላ ነው፣ ታውቂያለሽ?"

ፈቃዱ ላይ "ኤክስ" አስጨምሯል፤ ታንከርም አደገኛ ጭነትም መንዳት ይችላል ማለት ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት አሻራ ሰጥቶ ጀርባው ተጠንቷል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ።

"ኢንሹራንሱስ ጋሼ?"

"አንድ ሚሊዮን አለኝ፣ ሕጉ የሚለው ያንኑ ነው። ያቺ ኤምሲኤስ-90 የምትባለዋ ወረቀትም አለችኝ። ኤጀንቱ 'እሷ ካለችህ ምንም ቢፈስ ተሸፍነሃል' ብሎኛል።"

ወረቀቷን በስም አውቃታለሁ። ኮዳችን ውስጥ አንዲት መስመር ናት፤ አለች ወይስ የለችም ብቻ ነው የምታየው። ምን እንደምትል ግን አንብቤያት አላውቅም ነበር። ያን ሌሊት አነበብኳት። ከዚያ ወዲያ ቁጥሮቹን መከታተል ጀመርኩ፣ ወደ ኋላ።

ኦገስት 7 ቀን 1959 ላይ እንጀምር (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ኦሪገን ውስጥ ሮዝበርግ የምትባል በእንጨት ሥራ የምትኖር ከተማ አለች። አንድ ሾፌር ወደ 2 ቶን ዲናማይትና 4 ቶን ተኩል ያህል የአሞኒየም ናይትሬት ፈንጂ ጭኖ የዋዜማው ዕለት አመሻሽ ላይ ገባ። ጭነቱን የሚያስረክበው ጠዋት ነው። ትራኩን መሐል ከተማ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር አጠገብ አቁሞ ሆቴል ገብቶ ተኛ። ሌሊት መደብሩን እሳት ያዘው። እሳቱን ለማጥፋት የመጡት ሰዎች አጠገባቸው የቆመው ምን እንደሆነ አላወቁም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ ትራኩ ፈነዳ። 14 ሰዎች ሞቱ፣ 125 ያህል ቆሰሉ፣ የከተማዋ መሐል ፈረሰ።

እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። ጉዳቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። የፈንጂው ድርጅት በፍርድ ቤት ክርክር መጨረሻ የከፈለው ካሳ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቀረውን ማን ከፈለው? መስኮቱ የረገፈበት፣ ሱቁ የተቃጠለበት፣ ባሏ የሞተባት። አደገኛ ጭነትን ከሌላ ጭነት የሚለየው ይህ ነው። የውሻ ምግብ የጫነ ትራክ ቢገለበጥ የሚጠፋው ትራኩ፣ ጭነቱ፣ ቢበዛ አጠገቡ ያለ መኪና ነው። ፈንጂ፣ ጋዝ ወይም ነዳጅ የጫነ ግን ከራሱ ዋጋ መቶ እጥፍ የሚሆን ጉዳት በማያውቁት ሰዎች ላይ ማድረስ ይችላል። ትራኩን ሸጠህ የማትከፍለው ዕዳ ነው።

ከዚያ ሂውስተን፣ ሜይ 11 ቀን 1976፣ ረፋድ ላይ። ወደ 7,500 ጋሎን አሞኒያ የጫነ ቦቴ ከአንድ አውራ ጎዳና ወደ ሌላ በሚያሻግር ከፍ ያለ መተላለፊያ ላይ ኩርባውን ሲዞር መከለያውን ጥሶ ከታች ባለው መንገድ ላይ ወደቀ። ታንኩ ተቀደደ፣ ነጭ ደመና መንገዱን ዋጠው። ቢያንስ 6 ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ተጎዱ። መርማሪዎቹ ያስቀመጡት ምክንያት ሁለት ነገር ነው፦ ፍጥነት፣ እና ሙሉ ባልሆነው ታንክ ውስጥ ወደ ጎን የሚላጋ ፈሳሽ። ግማሽ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ሮጦ የሚያውቅ ልጅ ይህን ፊዚክስ ያለ መምህር ያውቀዋል። አንተ ስትዞር ውሃው ገና ወደ ፊት እየሄደ ነው፤ ሲደርስብህ ይገፋሃል። ስለዚህ ቦቴ መንዳት ትራክ ከመንዳት ሌላ ሙያ ነው፣ ክፍያውም የሚበልጠው በከንቱ አይደለም።

እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ጭነት መኪና ዓለም የሚተዳደረው በ1935 በወጣ ሕግ ነበር። የኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ማን የትኛውን መስመር እንደሚሠራ ይፈቅዳል፣ ዋጋውንም ይቆጣጠራል። አዲስ ሰው ለመግባት አገልግሎቱ ለሕዝብ እንደሚያስፈልግ ማሳመን አለበት፤ ቀድመው የገቡት ደግሞ ተሰልፈው ይቃወሙታል። ፈቃዱ ራሱ በገንዘብ የሚሸጥ ሀብት ሆኖ ነበር። አጎቴ ያን ጊዜ ቢመጣ በራሱ ስም አንድ ጭነት ባላነሳ ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ዋጋ ያስወድዳል፣ በሩን ዝግ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን ነበረው፦ ትራክ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ሁሉ የሚያጣው ነገር አለው። ፈቃዱን።

ጁላይ 1 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አዲሱን የጭነት መኪና ሕግ ፈረሙ። በሩ ተከፈተ። እዚህ ላይ ኮንግረሱ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ፦ ማንም ሰው አንድ ትራክ ይዞ ከገባ፣ ዋጋ እየሰበረ ከተወዳደረ፣ ጎማና ፍሬን ላይ ቢቆጥብ ማን ያየዋል? የመንግሥት ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን ትራክ ሊከተል አይችልም። መልሱ የሕጉ ክፍል 30 ሆነ፦ ዝቅተኛውን የኢንሹራንስ መጠን ከፍ እናድርግ። ኢንሹራንስ ኩባንያው ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ሾፌሩ ስንት ጊዜ እንደተቀጣ፣ ፍሬኑ መቼ እንደታየ ራሱ ይጠይቃል። መጥፎውን አረቦን ያስከፍለዋል፣ የባሰውን አልቀበልም ይለዋል። በሌላ አነጋገር መንግሥት ቁጥጥሩን በከፊል ለአረቦን አስረከበው።

እንደ መሐንዲስ ሳየው ሐሳቡ ያምራል። አንድ ተቆጣጣሪ ከምትቀጥር፣ ገንዘቡ የሚያስጨንቀው ሰው ቦታው ላይ ታስቀምጣለህ።

ሦስቱ ቁጥሮቼ የተወለዱት እዚህ ነው። ለተራ ጭነት 750,000። ለነዳጅና ለብዙዎቹ አደገኛ ጭነቶች 1 ሚሊዮን። ለከባዶቹ፣ ማለትም በብዛት ለሚጫን ፈንጂ፣ በታንክ ለሚሄድ የተጨመቀ ጋዝ፣ ለከባድ መርዝና ለመሳሰሉት፣ 5 ሚሊዮን። ፕሮፔን ከሆነ 5 ነው፣ ቤንዚን ከሆነ 1። ይህን መጀመሪያ ሳይ ስህተት መስሎኝ ኮዱን ሁለት ጊዜ አጣርቻለሁ። አይደለም። ደንቡ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ገባና በጃንዋሪ 1985 ሙሉ ሆነ።

ከዚያ ቆመ።

ሕጉ "ቢያንስ" ነው የሚለው፤ የትራንስፖርት ባለሥልጣናቱ ከፍ ማድረግ ይችላሉ። ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ እንዲያድግ የሚያደርግ ሐረግ ግን አልተጻፈም። አንዲት ሐረግ! የ1980ው 750,000 ዶላር የገዛውን ለመግዛት ዛሬ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋል። የሆስፒታል ወጪ ደግሞ ከዚያም በላይ ሮጧል። በ2014 የፌዴራሉ የጭነት መኪና ደኅንነት አስተዳደር መጠኑ ከሕክምና ወጪ ጋር አልተራመደም ብሎ ለኮንግረሱ ሪፖርት አቀረበ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይም ለመጨመር የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ። በ2017 ሐሳቡን አነሳው። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱ ተራውን ጭነት ወደ 2 ሚሊዮን የሚያሳድግ አንቀጽ አሳለፈ፤ ሕጉ ተፈርሞ ሲወጣ አንቀጹ ውስጡ አልነበረም።

ከተቃዋሚዎቹ ፊት መስመር የቆሙት የራሳቸውን ትራክ የሚነዱ ሰዎች ማኅበራት ናቸው። ክርክራቸውን እንደ ስግብግብነት ማየት ቀላል ነው፣ ግን አጎቴን አያለሁ። አብዛኛው አደጋ 750,000 አይደርስም ይላሉ፤ እውነት ነው። አረቦኑ ቢጨምር ትልልቆቹ ድርጅቶች ይችሉታል፣ ባለ አንድ ትራኩ ግን ይወጣል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። በ1980 የተከፈተውን በር በአረቦን መልሰን እንዝጋው እንደማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩ ሲሟሟ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ያ የኢንሹራንሱ ጭንቀትም አብሮ ይሟሟል። ሩብ የሚያህል ገንዘብ የሚያሰጋው ተቆጣጣሪ የሩብ ያህል ነው የሚያየው። እኔ ቢጨምር እላለሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ስልኩን ሊዘጋብኝ ደርሷል።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደራቀ ለማየት ኦክላንድን ማየት ይበቃል። ኤፕሪል 29 ቀን 2007 ንጋት ላይ 8,600 ጋሎን ቤንዚን የጫነ ቦቴ የአውራ ጎዳናዎች መገናኛው ላይ ተገለበጠና ተቃጠለ። ከላዩ ያለው መንገድ ብረቱ በሙቀት ለሰለሰና ተደርምሶ ወደቀ። ሾፌሩ ወጥቶ ተርፏል። ካሊፎርኒያ መንገዱን ቶሎ ለሚጠግን ተቋራጭ በየቀኑ የሚታሰብ ጉርሻ አቀረበች፤ አሸናፊው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ጨረሰና 5 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ወሰደ። ልብ በሉ፣ ጉርሻው ብቻ ነው። ቤንዚን የጫነው ትራክ በሕግ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ኢንሹራንስ 1 ሚሊዮን ነው። በጁን 2023 ፊላዴልፊያ ውስጥ ያው ነገር ተደገመ፤ ቦቴው ተገለበጠ፣ ተቃጠለ፣ ድልድዩ ወደቀ። ያኛው ሾፌር አልተረፈም።

አሁን ወደ ወረቀቷ። ኤምሲኤስ-90 አጭር ቅጽ ናት፤ ብዙ ሰው ከፖሊሲው ጀርባ ተጣብቃ አይቷት አላነበባትም። የምትለው እንዲህ ነው፦ በዚህ መኪና ድርጅት ቸልተኝነት ሌላ ሰው ቢጎዳና ፍርድ ቤት ቢፈርድ፣ ኢንሹራንሱ እስከ ሕጉ መጠን ድረስ ይከፍላል። ትራኩ ፖሊሲው ላይ ባይመዘገብም ይከፍላል። መድን ገቢው ውሉን ቢጥስም ይከፍላል። የፈሰሰውን ነገር ማጽዳትም ይገባበታል። ውሉ እንዲቋረጥ 35 ቀን ቀድሞ ማስታወቅ ግድ ነው። እስከዚህ ኤጀንቱ ልክ ነው።

ቀጥሎ ግን አንድ አንቀጽ አለ። ኢንሹራንሱ በፖሊሲው መሠረት መክፈል ያልነበረበትን በዚህች ወረቀት የተነሳ ከከፈለ፣ መድን ገቢው ገንዘቡን ይመልስለታል። ይመልሳል!

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አማርኛው ነው። የድሮ ሰው "ዋስ መድን" እያለ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠራል። ሰው ሲበደር ዋስ ይጠራል። ባለዕዳው ከጠፋ ዋሱ ይከፍላል፤ ከፍሎ ግን አይቀርም፣ ዞሮ ባለዕዳውን ይይዛል። ኢንሹራንስ አገራችን ሲገባ "መድን" አልነውና ሁለቱ ቃላት ቀስ እያሉ ተለያዩ። ዛሬ መድን ስንል አደጋህን ተሸክሞልህ የሚቀር ነው፣ ዋስ ስንል የሚከፍልልህና የሚጠይቅህ። ኤምሲኤስ-90 በዚህ አነጋገር መድን አይደለችም። ዋስ ናት። ሕዝቡን ታድናለች፣ አጎቴን አታድንም። በ1980 የተጻፈው ሕግ ሲያስብ የነበረው ስለ ሮዝበርግ ባለሱቅ ነው እንጂ ስለ ትራኩ ባለቤት አልነበረም፤ በዚህ አልፈርድበትም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም እንደዚያው ነው የሚያነቧት፦ ሌላ ኢንሹራንስ የማይከፍል ወይም የማይበቃ ሲሆን ብቻ የምትነሳ፣ የመጨረሻ መጠባበቂያ።

ታዲያ አጎቴ የት ላይ ነው የሚወድቀው? ሁለት ቦታ። አንደኛ፣ ያ አንድ ሚሊዮን ለነዳጅ ብሎ የገዛው አይደለም። ለደረቅ ጭነት ሕጉ 750,000 ቢልም ብሮከሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በታች ሎድ አይሰጡም፤ ስለዚህ ድሮም ነበረው። ቁጥሩ ከነዳጁ ቁጥር ጋር ስለገጠመ ብቻ ዝግጁ የሆነ መሰለው። ሁለተኛ፣ መደበኛው የጭነት መኪና ፖሊሲ ብክለትን ያገልላል። ከትራኩ ሞተር ወይም ከራሱ ነዳጅ ታንክ የሚፈሰው ሌላ ነው። የጫንከው ነገር ወንዝ ውስጥ ቢገባ ግን ፖሊሲው "አያገባኝም" ይላል። ያኔ ዋሷ ትነሳለች፣ ትከፍላለች፣ ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ዞራ የአጎቴን በር ታንኳኳለች። ማግለያውን የሚያነሳ ተጨማሪ ውል አለ፣ ሲኤ 99 48 ይባላል፤ መጠየቅና መክፈል ግን ያስፈልጋል።

በማግስቱ ደወልኩለት። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳስረዳው "እሱን ነው እኮ የነገረኝ" አለ። ሁለተኛውን ሳነብለት ዝም አለ።

"ድገሚልኝ።"

ደገምኩለት።

"ማለት... ከፍለው ከእኔ ይቀበላሉ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ እኔ አረቦን የምከፍለው ለማን ነው?"

ለሚከፍልበት ነገር እንደሚሸፈን ነገርኩት፤ ደረቅ ጭነት ጭኖ ቢጋጭ ፖሊሲው በትክክል መድን ነው። ነዳጅ ግን ሊጭን መሆኑን ኢንሹራንሱ አያውቅም። ኤጀንቱ ዘንድ ሄዶ "ቤንዚን ልጭን ነው፣ ከጭነቴ ለሚፈስ ብክለት ተሸፍኛለሁ ወይ?" ብሎ በጽሑፍ እንዲጠይቅና በጽሑፍ እንዲመለስለት ለመንኩት። "አንቺ ደግሞ እንደ ዳኛ ሆንሽ" አለኝ፣ ግን ጠየቀ። መልሱ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። አዲሱ አረቦን ከቦቴው ወርሃዊ ክፍያ ይበልጣል። ወረቀት ጀርባ ላይ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በማይል የሚተርፈው ከሶፍትና ከውሻ ምግቡ ጋር ብዙም አይራራቅም።

ቦቴውን አልገዛም። ሻጩ ሁለት ጊዜ ዋጋ ቀንሶለት ነበር። ኤክሷ ፈቃዱ ላይ አለች፤ አንዳንድ ቅዳሜ ለአንድ ትልቅ ድርጅት በሰዓት ተቀጥሮ በእነሱ ትራክ፣ በእነሱ ኢንሹራንስ ነዳጅ ያደርሳል። ኩርባ ላይ ቀስ እንደሚል ይነግረኛል፤ ፈሳሹ ከኋላ ሲገፋው ወገቡ ላይ ይሰማዋል አሉ።

እኔም ወደ ፋይሉ ተመለስኩ። ከሦስቱ ቁጥሮች በላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ጨመርኩ፦ የ1980 ሕግ፣ ክፍል 30፤ ከ1985 ወዲህ አልተለወጠም። ኮዱን የሚያየው የሥራ ባልደረባዬ አንድ አስተያየት ጻፈበት፦ "ይህ ምን ይጠቅማል?" እስካሁን አልመለስኩለትም።